«ዩቪ የለውም» ብለው ሲያስከፍሏችሁ ተጠንቀቁ

ተሸወድኩ። እናንተም እንዳትሸወዱ ነው የምጽፈው።

የጥፍር ጄል ልሠራ የውበት ሳሎን ስገባ ሁለት ዋጋ ተጠራልኝ። አንዱ ጄሉን በሚያደርቀው ተራ መብራት፣ ሌላው ጨመር ብሎ «ዩቪ በሌለው ኤልኢዲ»። ዩቪ ማለት ከፀሐይም የሚመጣው፣ ቆዳ የሚጎዳው ጨረር ነው። እጄ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ ስለጀመረኝ ሳላቅማማ ከፈልኩ። ሳልጠይቅ አንድ ነጭ «የጨረር መከላከያ» ጓንትም ሸጡልኝ።

እጄን አስገብቼ ስጠብቅ መብራቱ ጎን ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አነበብኩት። «365 + 405 ናኖሜትር» ይላል። 365 ዩቪኤ፣ ማለትም አንዱ የዩቪ ዓይነት፣ ነው እኮ! ኤልኢዲ የአምፖሉ ዓይነት እንጂ የጨረሩ ስም አይደለም። ጄል እንደ ተራ የጥፍር ቀለም በአየር አይደርቅም፤ የሚጠነክረው ውስጡ ያለው ኬሚካል ይህን ጨረር ሲያገኝ ነው። የኤልኢዲ ትርፉ ፍጥነቱ ነው። እጃችሁ መብራቱ ውስጥ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ይሆናል። ይህ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን «ዩቪ የለውም» አያሰኝም።

ጓንቱንስ? መስኮት ላይ ዘርግቼ ሳየው ጣቶቼ በሙሉ ይታያሉ። ወንፊት በሉት። ጠቆር ያለና ጥቅጥቅ ያለ አሮጌ ጓንት ጫፍ ጫፉን ቆርጣችሁ ብታደርጉ ይሻላል፣ በነጻ።

ሳንስክሪንም ይሠራል። ግን ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ እንዳትገዙ። ቁጥሩ፣ ኤስፒኤፍ የሚባለው፣ በዋናነት የሚነግራችሁ ስለ ዩቪቢ፣ ቆዳን ስለሚያቃጥለው የዩቪ ዓይነት ነው፤ የጥፍር መብራት ደግሞ በአብዛኛው ዩቪኤ ነው፣ ቆዳ ውስጥ ጠልቆ የሚገባው፣ የሚያስረጀው። ስለዚህ ሁለቱንም የሚከላከል መሆኑን ዕቃው ላይ ፈልጉ፣ 30 እና ከዚያ በላይ ይሁን። እጃችሁን መብራቱ ውስጥ ከማስገባታችሁ 20 ደቂቃ በፊት ተቀቡት። ጥፍሩን ግን አታስነኩት፤ ቅባት ካለው ጄሉ ቶሎ ይላቀቃል።

ላስፈራራችሁ አይደለም። የጥፍር መብራት ሕዋሳትን ይጎዳል ያለው፣ በ2023 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ብዙ የተወራለት ጥናት የተሠራው ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ሕዋሳት ላይ ነው፤ ሰው እጅ ላይ አይደለም። ዶክሲሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ የምትወስዱ ግን መድኃኒቱን እስክትጨርሱ ጄሉን ተዉት። መድኃኒቱ ቆዳን ለዩቪኤ ያጋልጣል፣ ጥፍርንም ከሥጋው ሊያላቅቅ ይችላል።

በነጋታው ተመልሼ ለሳሎኗ ሠራተኛ የወረቀቱን ነገር ነገርኳት። «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አለችኝ። ጭማሪውን አልመለሰችም። ጓንቱ አሁን መስታወት መወልወያ ሆኗል።