ዌጎቪ ወይስ ዜፕባውንድ? ከመርፌው ጋር ለሚኖር ሰው የቀረበ ንጽጽር

አሜሪካ ያለን ሐበሾች ስንሰባሰብ ወሬው ሁሉ ስለ ክብደት መቀነሻው መርፌ ሆኗል። ሠርግ ላይም፣ ለቅሶ ቤትም። ጥያቄውም ያው ነው፦ «ከሁለቱ የትኛው ነው ቶሎ የሚያከሳው?»

በኪሎ ብቻ ከሆነ ብዙ አያከራክርም፤ ዜፕባውንድ ነው። ግን ይሄ እንደ አንቲባዮቲክ ለሳምንት ተወስዶ የሚያበቃ ነገር አይደለም። የዌጎቪን መድኃኒት ሲወስዱ ቆይተው ያቆሙ ሰዎች ላይ በተደረገ ክትትል፣ ከወረደው ክብደት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ተመልሷል። ለዓመታት አብሯችሁ የሚኖር ከሆነ ከጾማችሁ፣ ከማዕዳችሁ፣ ከጉዟችሁና ከኪሳችሁ ጋር መስማማት አለበት። እኔም የማነጻጽረው በዚህ በኩል ነው። የሚያዘው ሐኪም ነው፤ እናንተ ግን ሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ ምን እንደምትጠይቁ ብታውቁ ይሻላል።

መጀመሪያ ስሞቹን እናጥራ፤ ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። ዌጎቪ የዴንማርኩ ኖቮ ኖርዲስክ ምርት ነው። መድኃኒቱ ሴማግሉታይድ ይባላል። ኦዜምፒክም ያው ሴማግሉታይድ ነው፤ ኦዜምፒክ ለስኳር በሽታ፣ ዌጎቪ ለክብደት የተፈቀደ ነው። ዜፕባውንድ የአሜሪካው ኢላይ ሊሊ ነው። መድኃኒቱ ቲርዜፓታይድ ሲሆን ለስኳር ሲታዘዝ ማውንጃሮ ይሉታል። ዱባይ፣ ቴል አቪቭ ወይም አውሮፓ ያላችሁ ዜፕባውንድ ብላችሁ አትልፉ፤ እዚያ ለክብደትም የሚሸጠው ማውንጃሮ በሚለው ስም ነው።

ሁለቱም በሳምንት አንዴ ሆድ፣ ጭን ወይም ክንድ ላይ ይወጋሉ። ሁለቱም ጨጓራ ቶሎ እንዳይራገፍ ያደርጋሉ፣ የምግብ ፍላጎትንም ይዘጋሉ። ልዩነቱ ሴማግሉታይድ አንድ የአንጀት ሆርሞን ሲያስመስል ቲርዜፓታይድ ሁለት ማስመሰሉ ነው። ፊት ለፊት ባወዳደራቸውና በ2025 በወጣው ጥናት፣ በ72 ሳምንት ዜፕባውንድ የወሰዱት በአማካይ 20.2 በመቶ፣ ዌጎቪ የወሰዱት 13.7 በመቶ ክብደት ቀንሰዋል። መቶ ኪሎ ለሆነ ሰው 20 ኪሎና 14 ኪሎ ገደማ ማለት ነው።

ታዲያ ለምን ዌጎቪ? ልብ ስላለ። የልብ ሕመም ያለባቸው ወፍራም ሰዎች ላይ ሃርት አታክንና (ድንገተኛ የልብ ሕመምን) ስትሮክን የመሰሉ ከባድ አደጋዎችን በ20 በመቶ እንደሚቀንስ ስለታየ፣ በ2024 ለዚሁ ተብሎ በአሜሪካ ተፈቅዷል። ዜፕባውንድ በበኩሉ በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ ሲተኙ ትንፋሽ ለሚቆራረጥባቸው ወፍራም ሰዎች ተፈቀደ። ይሄ ለኢንሹራንስ ትልቅ ነገር ነው። «ለክብደት ብቻ አልከፍልም» ያለ ኢንሹራንስ ለልብ ወይም ለእንቅልፍ ሲባል የሚከፍልበት ጊዜ አለ። ስታንኮራፉ ቤቱን የምትቀሰቅሱ ከሆነ መርፌውን ከመጠየቃችሁ በፊት የእንቅልፍ ምርመራውን ጠይቁ።

አሁን ወደ ኑሮው።

የመወጊያ ቀን ላይ ብዙ ሰው አያስብበትም። ማቅለሽለሹ ለብዙዎች የሚብሰው ከተወጉ በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ቀናት ነው። ዓርብ ማታ ተወግታችሁ ቅዳሜ ሠርግ ብትሄዱ፣ የሙሽራዋ እናት በእጃቸው ይዘው ሲመጡ የምትሉት ይጠፋችኋል። «በሞቴ» ተብሎ የቀረበ ጉርሻ አይመለስም። እኔ እሑድ ማታን እመርጣለሁ፤ የቤተሰቡ ምሳ ካለፈ በኋላ። ቀን ለመቀየር ዌጎቪ በሁለት መርፌ መካከል ቢያንስ 2 ቀን፣ ዜፕባውንድ ቢያንስ 3 ቀን ይፈልጋል። ከረሳችሁ ዜፕባውንድን በ4 ቀን ውስጥ ከሆነ ውጉት፣ ካለፈ ዝለሉት። ዌጎቪን ደግሞ የሚቀጥለው መርፌ ከ2 ቀን በላይ ከቀረው ውጉት። ፈረቃ ለሚሠራና ቀን ለሚምታታበት ሰው ዌጎቪ ትንሽ ይታገሣል።

መርፌ ለሚፈራ የዌጎቪ ኪኒን በ2025 መጨረሻ ተፈቅዷል። ግን ደንቡ ጥብቅ ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ከግማሽ ኩባያ በማይበልጥ ውኃ ይዋጣል፤ ከዚያ 30 ደቂቃ ምንም አይቀመስም። ቡናም ጭምር። በየቀኑ ነው ደግሞ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ለማይቀምስ ጿሚ፣ ቆራቢም ለሆነ ሰው፣ ይሄ የዕለት ራስ ምታት ነው። ሮመዳን ላይም በሌሊት ከሱሁር ቀድሞ ተነሥቶ ኪኒን መዋጥ፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። ለጿሚ የሳምንቱ መርፌ ይቀላል። የሃይማኖቱን ጥያቄ የንስሐ አባታችሁን ወይም ሼኻችሁን ጠይቁ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሳህኑ ነው፤ በዚህ ሁለቱም መድኃኒቶች አንድ ናቸው። ሦስት ጉርሻ በልታችሁ ትጠግባላችሁ። ሦስቱም እንጀራ ከሆኑ ጡንቻችሁን ማን ይመግበው? ከሚወርደው ኪሎ ውስጥ ስብ ብቻ አይደለም ያለው፤ ጡንቻም አለበት። በዚህ ጊዜ ብዙ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1.2 ግራም ያላነሰ ፕሮቲን በቀን ይመክራሉ። 70 ኪሎ ለሆነ ሰው 84 ግራም ነው። በፍስክ አይከብድም። 100 ግራም የበሰለ የዶሮ ደረት 30 ግራም ገደማ አለው፣ ሁለት እንቁላል 12።

ጾም ላይ ነው ጉዱ። ሽሮ ፕሮቲን ነው እንላለን፤ ልክ ነው፣ ዱቄቱ። አንድ ሰሃን ቀጠን ያለ ሽሮ ውስጥ ግን የሚገባው ዱቄት ሠላሳ ግራም ቢሆን ነው፤ ከዚያ የሚገኘው ፕሮቲን ከ6 እስከ 7 ግራም ነው። የተቀረው ውኃ፣ ሽንኩርትና ዘይት ነው። ጠጠር ያለ ተጋቢኖ ይሻላል። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ይሰጣል። እኔን ብትጠይቁኝ ለጾም የሚገዛው እነዚህ ናቸው፦ ምስር፣ ፉል፣ ጠንካራ ቶፉ በሽንኩርትና በቃሪያ ተጠብሶ፣ እንዲሁም ከአተር ወይም ከአኩሪ አተር የተሠራ የፕሮቲን ዱቄት። ዌይ የሚለውን አታንሡ፤ ወተት ነው። የጾም ማኪያቶ ስታዙም የአኩሪ አተር ወተት በሉ፤ በኩባያ ከ7 እስከ 8 ግራም አለው። የአልመንድ ወተት አንድ ግራም ብቻ ነው፣ ስሙ ነው የሚያምረው።

አበላሉ ደግሞ እንዲህ ይሁን፦ ወጡን ቀድሞ፣ እንጀራውን ከተረፈ። በዘይት የራሰ ሳምቡሳና በቅቤ የተለወሰ ክትፎ በዘገየ ጨጓራ ላይ ሲወድቁ ሌሊቱን ሙሉ ቃር ነው። ሙሉ ቀን ጾሞ ማታ በአንድ ጊዜ መሙላትም ያስመልሳል። የፋሲካ ሌሊት በተለይ ተጠንቀቁ። ከ55 ቀን በኋላ ቅቤ ያለው ዶሮ ወጥ ይቀርባል፣ እንቁላሉን ከትንሽ መረቅ ጋር በሉና ሥጋውን ለነገ አቆዩት። ሐኪማችሁ ዶዝ ሊጨምር ካሰበም ከበዓሉ በፊት ባለው ሳምንት እንዳይሆን ንገሩት። የሆድ ድርቀትን በውኃ፣ በጎመንና በተልባ ያዙት። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊበንክላማይድ ያለ የስኳር ኪኒን የምትወስዱ ደግሞ ከመጾማችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፤ ስኳር ወርዶ ሰው ሊጥል ይችላል።

ሌላው ጉዳይ የሰው አፍ ነው። እኛ ዘንድ መክሳት የበሽታ ምልክት ነው። «ምነው፣ አሞሻል እንዴ?» ሳይባል የሚታለፍ ወር የለም። አጭር መልስ ቀድማችሁ አዘጋጁ። «ሐኪም እየተከታተለኝ ነው» ይበቃል፤ ለጎረቤት የመድኃኒት ዝርዝር ዕዳ የለባችሁም።

አገር ቤት የምትሄዱ ከሆነ ዌጎቪ ይሻላል። አሜሪካ የሚሸጠው የዌጎቪ መርፌ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ካላለፈ ከፍሪጅ ውጪ እስከ 28 ቀን ይቆያል፤ ዜፕባውንድ 21 ቀን ነው። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ያቺ አንድ ሳምንት ዋጋ አላት። አዲስ አበባ ብርዱ ይረዳችኋል፤ ድሬዳዋና የሪያድ መኪና ውስጥ ግን አይደለም። መርፌውን በእጅ ሻንጣ ያዙት። ከታች የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ በረዶ ሊሆን ይችላል፤ አንዴ በረዶ የሆነ ደግሞ ቢቀልጥም ይጣላል። ከአሜሪካ ውጪ በብዛት የሚሸጡት አንድ መርፌ ለአራት ሳምንት የሚያገለግሉ ስለሆኑ የማስቀመጫ ደንባቸው ይለያል፤ ወረቀቱን አንብቡ።

ለሴቶች አንድ ነገር ልጨምር፤ ሲነገር ብዙ አልሰማም። ዜፕባውንድ የወሊድ መከላከያ ኪኒንን ሊያዳክም ይችላል። ስትጀምሩና ዶዝ በጨመራችሁ ቁጥር ለ4 ሳምንት ኮንዶም ጨምሩ ወይም በአፍ የማይወሰድ መከላከያ ተጠቀሙ። ለዌጎቪ ይህ ማሳሰቢያ የለም። ልጅ ካሰባችሁ ግን ዌጎቪን ከ2 ወር በፊት ማቆም ያስፈልጋል። በቤተሰብ ሜዱላሪ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር ካለ ሁለቱም አይታዘዙም። የቆሽት ወይም የሐሞት ከረጢት ሕመም ታሪክ ካላችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። ወደ ጀርባ የሚወጋና የማይለቅ የሆድ ሕመም ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ኢመርጀንሲ ሂዱ።

ዋጋው። ኢንሹራንስ የሚከፍልላችሁን ውሰዱ፤ ብዙ ጊዜ ምርጫው እዚያ ያልቃል። ከኪሳችሁ ከሆነ ሁለቱም ድርጅቶች ራሳቸው በቅናሽ ይሸጣሉ። ሊሊ ዜፕባውንድን በትንሽ ብልቃጥ በርካሽ ያቀርባል፤ በስሪንጅ ራሳችሁ ትቀዳላችሁ። እጃችሁ ካልተንቀጠቀጠ አዋጭ ነው። ቴሌግራም ላይ ወይም ከሰው ሻንጣ የሚሸጠውን ግን አትንኩት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ስለ ሐሰተኛ ኦዜምፒክ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ ውስጡ ኢንሱሊን ከሆነ ጉዳቱ የከፋ ነው። ዋጋ ስትጠይቁም የመጀመሪያውን ወር ሰምታችሁ አትደሰቱ። እሱ የትንሹ ዶዝ ዋጋ ነው። ዌጎቪን ከ0.25 ጀምሮ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 2.4 ሚሊግራም፣ ዜፕባውንድን ከ2.5 እስከ 15 እያሳደጋችሁ ትወጣላችሁ፤ የምትቆዩበት ዶዝ ስንት እንደሆነ ጠይቁና በዓመት አባዙት።