ማይ ላይፍ ማይ ክዊት፦ ልጆች ቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) እንዲያቆሙ የሚረዳ አገልግሎት

አገልግሎቱ በኮሎራዶና በሌሎች በርካታ የአሜሪካ ግዛቶች ከ18 ዓመት በታች ላሉ ልጆች በነጻ ይሰጣል። አጀማመሩ ቀላል ነው፤ ልጁ «ስታርት ማይ ክዊት» (Start My Quit) ብሎ በእንግሊዝኛ ወደ 36072 የጽሑፍ መልእክት ይልካል። ከዚያ ከአማካሪ ጋር አምስት ጊዜ በስልክ ወይም በጽሑፍ ይነጋገራል። በጽሑፍ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ ሳሎን ቤተሰብ መሃል ተቀምጦም ማንም ሳይሰማው ይመልሳል።

ጉድለቱ? ሱሱን የሚያስታግሱ የኒኮቲን ፕላስተርና ማስቲካ አይልክም፤ እነሱ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡት ከ18 ዓመት ጀምሮ ነው። ስለዚህ ሲያቆሙ የሚመጣውን ራስ ምታትና ብስጭት በምክር ብቻ መቻል ግድ ነው። የሚብሰው በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ስለሆነ የማቆሚያው ቀን ከፈተና ሳምንት ጋር እንዳይገጥም። ሲጣል ደግሞ ቬፑ ብቻ ሳይሆን ቻርጀሩም አብሮ ይጣል። ቻርጀሩ ከቀረ፣ ማታ ላይ ጓደኛ ዘንድ ሌላ ቬፕ አይጠፋም።