የየካ አባዶው የማታ እንግሊዝኛ ክፍል፦ ለ«ኤቭሪ» ጊዜ የሚሰጥ መምህር

በአያት በኩል ወደ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ገባ ሲሉ፣ በአንድ ሕንፃ ምድር ላይ፣ በመድኃኒት መደብርና በወፍጮ ቤት መካከል የማታ እንግሊዝኛ የሚሰጥበት ክፍል አለ። ሰሌዳው ትንሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። እኔ ግን በዚህ አካባቢ እንግሊዝኛ ለሥራው የሚያስፈልገው ሰው ሊያልፈው አይገባም እላለሁ።

የምሠራው በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ በልብስ ስፌት የጥራት ቁጥጥር ላይ ነው። ከገዢ የሚደርሰን መመሪያ ሁሉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ የሚናገረውም እጄ ላይ ስላለው ሸሚዝ ሳይሆን ስለ ሸሚዝ በጠቅላላው ነው። እያንዳንዱ ካርቶን እንዲህ ይሁን፣ ማንኛውም ጉድለት እንዲህ ይመዝገብ ይላል። ስለዚህ ከቋንቋ ትምህርት የምፈልገው የሰላምታና የገበያ ንግግር አልነበረም። የምፈልገው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ስለ ሁሉም መናገር ሲፈልግ ዓረፍተ ነገሩን እንዴት እንደሚሠራ፣ ቃሉ ሲለወጥም ግዴታው እንዴት እንደሚለወጥ ማወቅ ነበር። ይህን በሌላ ቦታ ሳላገኝ እዚህ አገኘሁት።

መምህሩ ጡረታ የወጡ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ናቸው። ደንቡን ጽፈው አጥኑ አይሉም፤ ይጠይቃሉ። አንድ ምሽት አብረውን የሚማሩ በዕድሜ ጠና ያሉ የጥበቃ ሠራተኛ እጃቸውን አወጡ። «እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ስለ ብዙ እየተናገሩ ስለ ምን ነጠላ ያደርጉታል? ‹ኤቭሪ ስቱደንት› (እያንዳንዱ ተማሪ) ሲሉ ተማሪዎቹ ብዙ አይደሉም እንዴ?»

መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጡ። «እርስዎ በር ላይ የሚፈትሹት የሚገባውን ሁሉ ነው አይደል?»

«አዎ፣ አንድም አላሳልፍም።»

«በአንድ ጊዜስ ስንት ሰው ይፈትሻሉ?»

«አንድ።»

«‹ኤቭሪ› ማለት ይኸው ነው። ሁሉንም ያዳርሳል፤ የሚያዳርሰው ግን አንድ አንዱን እየያዘ ነው። ስለዚህ ስሙ ነጠላ፣ ግሱም ነጠላ ይሆናል።»

ከዚያ በኋላ በዚያ ክፍል «ኤቭሪ ስቱደንትስ» ሲባል የሰማሁ አይመስለኝም። ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣም አሳይተውናል። አማርኛችን «ሁሉም ተማሪ መጣ» ይላል፣ «ሁሉም ተማሪዎች መጡ»ም ይላል። ሁለቱም ቤት ያፈራው ንግግር ነው። እንግሊዝኛ ግን ሥራውን ለሁለት ቃል አከፋፍሎታል፤ እንደ ተማሪ ያለ የሚቆጠር ስም ሲመጣ «ኦል» (ሁሉም) ብዙ ቁጥር ይወስዳል፣ «ኤቭሪ» ነጠላ። በአንጻሩ «ሰው ሁሉ ይሞታል» የሚለው የራሳችን አነጋገር ስሙንም ግሱንም ነጠላ ስለሚያደርግ ወደ «ኤቭሪ» በጣም ይቀርባል። ከዚህ መነሳታቸው ትልቅ ማስተዋል ነው፤ ተማሪው አዲስ አገር እንደ ገባ እንግዳ አይሆንም።

ቀጥሎ የመጣው ትምህርት ለእኔ ሥራ ከሁሉ ይበልጥ ጠቃሚ ነበር። በሰሌዳው ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ «ዶግስ ባርክ» (ውሾች ይጮኻሉ) እና «ኤቭሪ ዶግ ባርክስ» (እያንዳንዱ ውሻ ይጮኻል)። የማይጮኽ አንድ ውሻ ቢገኝ የትኛው ይፈርሳል? የመጀመሪያው ስለ ውሻ ጠባይ የሚናገር ስለሆነ አንድ ዝምተኛ ውሻ አያፈርሰውም። ሁለተኛውን ግን ያ አንዱ ውሻ ሐሰት ያደርገዋል። «ኤቭሪ» በሕጉ በኩል ይህን ያህል ጥብቅ ነው፤ ሰው በወሬ ላይ አጋንኖ ሲጠቀምበት እንኳ ጥብቅነቱን ተውሶ ነው። ጥቂት ቀዳዳ መተው የፈለገ ተናጋሪ «ኦልሞስት ኤቭሪ» (ከሞላ ጎደል እያንዳንዱ) ይላል። «ኦልሞስት ኢች» ግን አይባልም። «ኢች» አንድ አንዱን ለየብቻ ስለሚያይ ሁለት ብቻ ለሆነ ነገር፣ ለምሳሌ ለሁለት እጅጌ፣ ይሆናል፤ «ኤቭሪ» ለሁለት አይሆንም። «ኤቭሪ» ራሱ በጥንታዊው እንግሊዝኛ ዛሬ «ኤቨር» (ምንጊዜም) እና «ኢች» ከሚሆኑት ቃላት ተጣብቆ የተወለደ መሆኑን መምህሩ በመካከል ጣል አድርገዋል፤ ዘመዳሞቹ ለምን እንደሚመሳሰሉ ያኔ ገባኝ።

የክፍሉ ዋና ሀብት ግን የማንበቢያ ምርጫው ነው። ከሌላ አገር የተቀዳ የመማሪያ ታሪክ አያስነብቡም። በ1987 የጸደቀውን ሕገ መንግሥት ከነጋሪት ጋዜጣው፣ አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን እንደ ታተመ፣ አባዝተው ይሰጣሉ። አንቀጽ 15ን ይዘን አንድ ሙሉ ምሽት ቆየን። አማርኛው ሁለቱንም ዓረፍተ ነገር በ«ማንኛውም ሰው» ይጀምራል፦ ማንኛውም ሰው በሕይወት የመኖር መብት አለው፤ ማንኛውም ሰው በሕግ ከተደነገገ ከባድ የወንጀል ቅጣት በቀር ሕይወቱን አያጣም። እንግሊዝኛው ግን መጀመሪያ «ኤቭሪ ፐርሰን» ብሎ፣ ወደ ክልከላው ሲደርስ «ኖ ፐርሰን» ይላል። እኛ አሉታውን ከግሱ ጋር እናስረዋለን፣ እነርሱ ከስሙ ፊት ያቆሙታል። በዚያው አንቀጽ «ሂዝ ላይፍ» (የእሱ ሕይወት) የሚለውን አስምረው፣ ዛሬ ብዙ እንግሊዝኛ ጸሐፊ ወንድና ሴትን ለማጠቃለል ከ«ኤቭሪ ፐርሰን» በኋላ «ዜር» (የእነርሱ) እንደሚል፣ ስሙ ነጠላ ሆኖም ይህ ተቀባይነት እንዳገኘ ነገሩን። በ1948 (እ.ኤ.አ.) የወጣውን ሁለንተናዊ የሰብአዊ መብቶች መግለጫም አነበብን። አንደኛው አንቀጽ «ኦል» ብሎ በብዙ ቁጥር ይጀምርና ከሁለተኛው ጀምሮ በአብዛኛው «ኤቭሪዋን» (እያንዳንዱ ሰው) እያለ በነጠላ ይቀጥላል። መብት ወደ አንድ አንዱ ሰው ሲወርድ በዓይን የሚታይበት ቦታ ነው።

የአሉታው ትምህርት በማግስቱ ሥራ ላይ ጠቀመኝ። «ሁሉም ካርቶን አልተፈተሸም» ብንል አንድም አልተፈተሸም ማለት ነው ወይስ ገና ያልተፈተሸ አለ? በእንግሊዝኛም «ኤቭሪ» ቀድሞ «ኖት» ከግሱ ጋር ሲመጣ ይኸው መንታ ትርጉም ይከተላል። መምህሩ መፍትሔውን በግልጽ አስቀመጡ፤ ምንም ካልተፈተሸ «ኖ ካርተን»፣ ከፊሉ ከቀረ «ኖት ኤቭሪ ካርተን»። የፈረቃ ርክክብ መዝገባችንን አሁን በዚህ መንገድ እጽፋለሁ፤ ተረካቢዋም ደውላ አትጠይቀኝም።

ጉድለቱንም መናገር ይገባል። የሚባዛው ወረቀት ደብዛዛ ነው፤ የነጋሪት ጋዜጣው ጠባብ ዓምድ ጠርዙ ላይ እየተቆረጠ ቃል ይጎድላል። ወፍጮው ማታም ስለሚሠራ ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ ግማሹን አይሰማም፤ ከፊት መቀመጥ የግድ ነው። የንግግር ልምምድ ጥቂት ነው፤ ለውጭ አገር ጉዞ ወይም ለቃለ መጠይቅ የሚዘጋጅ ሰው ሌላ ቦታ ቢፈልግ ይሻለዋል።

በእኔ ዓይን ትልቁ ጉድለት ግን «ኤኒ» (የትኛውም) በአንድ ምሽት ብቻ መታለፉ ነው። «ኤኒ ቻይልድ ካን ዱ ኢት» ማለት የፈለግኸውን ልጅ ምረጥ፣ ይችላል ማለት እንደሆነ በሚገባ አስረድተዋል። በጥያቄና በአሉታ ውስጥ ሲገባ ሥራው እንደሚለወጥ ግን ቸኩለው ጠቅሰውት አለፉ። ሕገ መንግሥቱ «ማንኛውም» ባለበት እንግሊዝኛው «ኤቭሪ» እያለ፣ «ኤኒ»ን መቼ እንደሚመርጥ ማነጻጸር ብቻ ሁለት ምሽት ይበቃዋል። ይህን ለመምህሩ በአክብሮት ነግሬአቸዋለሁ፤ ለሚቀጥለው ዙር እንደሚያሰፉት ቃል ገብተዋል።

ክፍያው በወር ነው፤ ደረሰኝ ይሰጣሉ። ምዝገባው ወር በገባ የመጀመሪያው ሳምንት ስለሆነና አግዳሚው ጥቂት ስለሆነ ቀደም ብሎ መሄድ ያስፈልጋል። ከመመዝገብ በፊት አንድ ምሽት ገብቶ መስማትን አይከለክሉም።