አሮጌው ቲንክፓድ፣ የካርድ ማስገቢያውና «ፎርማት ይደረግ» የሚለው ምክር

ሌኖቮ ቲንክፓድ ኤክስ220 የተባለውን ላፕቶፕ የገዛሁት ለፎቶግራፍ ሥራዬ ነው። ሐዋሳ ውስጥ በካሜራ የሚተዳደር ሰው ቅዳሜና እሑድ ከሐይቁ ዳር አይጠፋም፤ የሠርግና የምረቃ ወቅት ሲደርስ፣ ፍቼ ጨምበላላ ሲከበር ደግሞ የካሜራዬ ሚሞሪ ካርዶች ሁሉ ሞልተው ይመለሳሉ። ማታ ካርዱን ስሰካ ኮምፒውተሩ ማንበብ አለበት። ፍጥነቱም መልኩም ከዚያ በኋላ የሚታይ ነገር ነው። ለወራት ከሠራሁበት በኋላ ማሽኑን ያለማመንታት እመክረዋለሁ። የምጽፈው ግን ማሽኑን ለማሞገስ ብቻ አይደለም፤ ደህና ኮምፒውተር «ካርድ አያነብም» ተብሎ ሲጣል ማየት ስለሚያበሳጨኝ ነው።

ኤክስ220 እ.ኤ.አ. በ2011 ለገበያ የቀረበ፣ ሁለተኛ ትውልድ የኢንቴል ኮር ፕሮሰሰር ያለው፣ ባለ 12.5 ኢንች ትንሽ ላፕቶፕ ነው። ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ስረከበው ዊንዶውስ 10 አዲስ ተጭኖለት ነበር። ሁሉም ነገር ይሠራል፤ የካርድ ማስገቢያው ግን ካርድ ቢሰካበትም ዝም ይላል። ሻጩ «ወንድሜ፣ ይሄ አርጅቷል፤ በዩኤስቢ የሚሰካ ማንበቢያ ግዛ» አለኝ። ሌላ ጥገና ቤት ደግሞ «እንደገና ፎርማት ይደረግ» የሚል ምክር ሰጠኝ፤ ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውስ ከባዶ ይጫን ማለቱ ነው።

ሁለቱም አልነበረም። በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራውን ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሊኑክስ ሚንትን በፍላሽ ላይ አዘጋጅቼ፣ ምንም ሳልጭን በቀጥታ ከፍላሹ አስነሳሁት። ካርዱን ስሰካ ፎቶዎቹ ወዲያው ተዘረዘሩ። የዚህ ሙከራ ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ በሊኑክስ የተነበበ ካርድ በዊንዶውስ ካልተነበበ፣ ማስገቢያው ጤነኛ ነው፣ የጎደለው አብዛኛውን ጊዜ ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስን ከዕቃው ጋር የሚያግባባው ትንሽ ፕሮግራም ነው። ወደ ዊንዶውስ ተመልሼ የኮምፒውተሩን ዕቃዎች የሚዘረዝረውን ዲቫይስ ማኔጀር ስከፍት «ቤዝ ሲስተም ዲቫይስ» የሚል ስም ቢጫ ምልክት ተደርጎበት አገኘሁ። ስሙ ስለ ካርድ ምንም አይናገርም፤ ለዚህ ነው ብዙ ሰው የሚያልፈው። ዝርዝሩ ውስጥ ገብታችሁ የሃርድዌር መለያውን ብታዩ ግን 1180 የሚል የአምራች ቁጥር አለ፤ የሪኮ ኩባንያ ቁጥር ነው፤ በዚህ ማሽን ላይ ካርድ የሚያነበውን ቺፕ የሠራው እርሱ ነው። ለሞዴሉ የተዘጋጀውን የሪኮ ድራይቨር ጫንኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማስገቢያው አንድም ጊዜ አላስቸገረኝም።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ማስገቢያውን ዝም ያሰኘው ራሱ ፎርማቱ ነው። ዊንዶውስ ከባዶ ሲጫን የድሮ ድራይቨሮች አብረው ይጠፋሉ፤ ከእነርሱ ውስጥ አንዳንዶቹን አዲሱ ዊንዶውስ ራሱ አያመጣቸውም። በድጋሚ ፎርማት ቢደረግ ያው ጉድለት ይመለሳል። ዊንዶውስ 10 ላይ ያሉትን ተጨማሪ ድራይቨሮች በሙሉ ወደ አንድ ፎልደር የሚያወጣ ፒኤንፒዩቲል የሚባል ትእዛዝ አለ። ኮምፒውተራችሁን ለጥገና ቤት ከመስጠታችሁ በፊት ያንን ፎልደር ፍላሽ ላይ አስቀምጡ።

ካርዱም የራሱ ትውልድ አለው። ካሜራ ውስጥ የሚገባው ሚሞሪ ካርድ ኤስዲ ይባላል፤ የመጀመሪያው ኤስዲ እስከ 2 ጊጋባይት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የመጣው ኤስዲኤችሲ እስከ 32 ጊጋባይት ይደርሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የታወጀው ኤስዲኤክስሲ እስከ 2 ቴራባይት። ቅርጻቸው አንድ ስለሆነ ሁሉም ይገባሉ፤ ለመጀመሪያው ትውልድ ብቻ የተሠራ ማንበቢያ ግን ኤስዲኤችሲ ቢገባበት ምንም እንዳልገባ ዝም ይላል። ያንን ዊንዶውስ በመጫን መፍታት አይቻልም። ኤስዲኤክስሲ ደግሞ ኤክስፋት በሚባል የፋይል አደረጃጀት ተዘጋጅቶ ይሸጣል። ዊንዶውስ 7 ያውቀዋል፤ ኤክስፒ ለብቻው የሚጫን ማሻሻያ ካልተጨመረለት አያውቀውም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፦ ዊንዶውስ ካርዱን መረዳት ሲያቅተው «ከመጠቀምህ በፊት ፎርማት አድርገው» የሚል መስኮት ይከፍታል። እሺ አትበሉት። የሰው ሠርግ የተቀረጸበት ካርድ ነው፤ ሠርጉ አይደገምም። ካርዱን አውጡትና በካሜራው ወይም በሌላ ማሽን ሞክሩት። እዚያም እምቢ ካለ፣ ምንም ሳትጽፉበት ፎቶሬክ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ፎቶዎቹን ወደ ሌላ ዲስክ አውጡ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከመንገድ ዳር የገዛው ባለ 64 ጊጋባይት ሚሞሪ በግማሽ የተበላሹ ምስሎች ይሰጠው ነበር፤ ስንፈትሸው እውነተኛው መጠኑ ከተጻፈበት እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ካርዱን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ የሚያነብ ኤፍ3 የሚባል የሊኑክስ ፕሮግራም ይህን ያጋልጣል። አዲስ ካርድ ሳልፈትሽ ሠርግ አልሄድም።

ኦፕሬቲንግ ሲስተም መጫን ግድ ሲሆን ኤክስ220 ቀላል ነው። ሲነሳ ኤፍ12ን ስትጫኑ ከየት እንደሚነሳ ይጠይቃችኋል። ከካርድ ማስገቢያው ግን አይነሳም፤ ፍላሽ ያስፈልጋል። ሃርድ ዲስኩ በጎን በኩል በአንድ ብሎን ብቻ ስለሚወጣ፣ ፋይሎቼ ያሉበትን ዲስክ አውጥቼ አዲሱን በሌላ ዲስክ ላይ መጫን እመርጣለሁ። ለዊንዶውስ 10 የሚደረገው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ላይ አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ይህን ፕሮሰሰር በይፋ አይቀበልም። ስለዚህ ኢንተርኔትና የፎቶ ቅጂ በሊኑክስ ሚንት፣ ፓወር ግዕዝ የተባለውን የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የሚፈልጉ ጽሑፎች ከኔትወርክ ውጭ በሆነው ዊንዶውስ ይሠራሉ። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ባትሪው ከኋላ ተነቅሎ የሚቀየር መሆኑም ሥራዬን አድኖታል።

ስክሪኑ ለቀለም እርማት የሚታመን አይደለም፤ ሞዴሉ በሁለት ዓይነት ስክሪን ስለተሸጠ፣ ከጎን ሲታይ ቀለሙ የማይለወጠውን አይፒኤስ ፈልጉ። ራሙን 8 ጊጋባይት ማድረስና ኤስኤስዲ የተባለውን ፈጣን ዲስክ መግጠም የግድ ነው፤ ያለ እነርሱ ትዕግሥት ያስጨርሳል።

ለመግዛት ስትሄዱ የራሳችሁን ካርድና ሊኑክስ ያለበትን ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ፊት አስነሱት፣ ካርዱን ስኩት፣ አንድ ትልቅ ፋይል ገልብጡበት፣ መልሳችሁ ክፈቱት። በሊኑክስም ካልታየ ዋጋ አስቀንሱ ወይም ተዉት።