የሪሲቨር አዳፕተር፣ 12 ቮልት 2 አምፒር፦ ከስምንት ወር በኋላ

ይህን አዳፕተር የገዛሁት ጥቅምት ላይ ነው፤ አሁን ሰኔ ገብቷል። ከዚያ በፊት ጥፋቱን ሁሉ ሳህኑ ላይ ጥዬ ሦስት ሳምንት ጣሪያ ላይ ስወጣ ስወርድ ከርሜያለሁ።

ቤታችን ሁለት ሳህን አለ። አንዱ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ወዳለው ኤንኤስኤስ 12፣ ማለትም ወደ ኢትዮሳት፣ ሌላው ወደ ናይልሳት ዞሯል። እናቴ ማታ ማታ ጣቢያ ስትቀይር ምስሉ ድርቅ ይላል፤ ሪሲቨሩ ይጠፋና ቀይ መብራቱ ሁለት ሦስቴ ብልጭ ብሎ ራሱ እንደገና ይነሣል። «ልጄ፣ ይቺን ሳህን ነፋስ ነክቷታል» አለችኝ። እኔም አመንኩ። የዲሽ ሠራተኛ ጠራን፤ ሳህኑን አስተካከለ፣ ኤልኤንቢውን (ሳህኑ ፊት ሆኖ ከሳተላይት የሚመጣውን የሚቀበለውን ዕቃ) ቀየረ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። በማግስቱ ማታ ያው ሆነ።

የነቃሁት እዚያው ናይልሳት ላይ በቨርቲካል (በቆመ ሞገድ) የሚመጡት ጣቢያዎች ደህና ሆነው ሆሪዞንታሎቹ (በተጋደመ ሞገድ የሚመጡት) ብቻ እንደሚያስቸግሩ ሳይ ነው። ሪሲቨር ለኤልኤንቢው በዚያው በሳህኑ ኬብል ኤሌክትሪክ ይልክለታል፤ ለቨርቲካል 13 ቮልት፣ ለሆሪዞንታል 18 ቮልት። ከአዳፕተሩ የሚደርሰው 12 ቮልት ስለሆነ ከፍ የሚያደርገው ሪሲቨሩ ራሱ ነው፤ 18 ሲፈለግበት ከአዳፕተሩ አብልጦ ይስባል። የደከመ አዳፕተር እዚህች ላይ ይሰንፋል።

ቴስተር ተውሼ የአዳፕተሩን ጫፍ ብቻውን ስለካው 12.1 አለኝ። ጤነኛ! የሪሲቨሩን ክዳን ፈትቼ፣ እየሠራ ሳለ፣ ገመዱ የሚሰካበት እግር ላይ ስለካ ግን ሆሪዞንታል ጣቢያ በነካሁ ቁጥር ቁጥሩ ወደ 9 ይወርዳል። ባዶውን የተለካ አዳፕተር ይዋሻል ማለት ነው።

የሪሲቨሬ ጀርባ 12 ቮልት 1.5 አምፒር ይላል። መርካቶ ሄጄ ባለ 2 አምፒር ስጠይቅ አብሮኝ የቆመ ሰው «ወንድሜ፣ ያቃጥልብሃል» አለኝ። ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያምነው። አምፒር አዳፕተሩ እስከዚህ ድረስ መስጠት እችላለሁ የሚለው ነው፤ ሪሲቨሩ የሚፈልገውን ብቻ ይወስዳል። የሚያቃጥለው ቮልቱ ሲበዛ ነው፣ ወይም ፕላስና ማይነሱ ሲገለበጥ። ሪሲቨሩ 7 ዋት ገደማ፣ ኤልኤንቢው 3 ዋት፣ ፍላሽ ከተሰካ ሌላ 2 ዋት ተኩል ቢወስድ፣ ድምሩ ከ1 አምፒር ትንሽ ቢያልፍ ነው። እውነተኛ 1.5 ይበቃ ነበር። እኔ 2 የመረጥኩት ተለጣፊው ላይ የተጻፈውን ሙሉ በሙሉ ስለማላምን ነው።

ሻጩ መጀመሪያ የሰጠኝ እንደ ባዶ ክብሪት ቀፎ የቀለለ ነበር፤ መለስኩት። ሁለተኛውም ቮልቱ ልክ ሆኖ ጫፉ አልሆነም። የተለመዱት ሁለት ዓይነት ጫፎች በውጭ 5.5 ሚሊሜትር ናቸው፤ የውስጡ ቀዳዳ ግን 2.1 እና 2.5 እየሆነ ይለያያል፤ ባለ 2.5ቱ የእኔ ሪሲቨር ላይ እየተንቀጠቀጠ ይበራል ይጠፋል። ሦስተኛው ሆነ። መብራት ሲሄድ ሪሲቨር የሚያቆይ ትንሽ የባትሪ ዕቃም ሊሸጥልኝ ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ ሪሲቨሩ ቢበራ ማን ሊያየው ነው?

ክብደት መልካም ምልክት ነው ስል ግን ቤት ውስጥ የተቀመጠውን የድሮ የሬዲዮ አዳፕተር አውጡ ማለቴ አይደለም። የእኛው ጡብ የሚያህል ባለ ትራንስፎርመር ላዩ ላይ 12 ይላል፤ ባዶውን ስለካው 16 አለፈ። ወደ ዕቃ ሣጥኑ መለስኩት።

ስምንት ወር ሙሉ ሪሲቨሩ አንድም ቀን ራሱን አላጠፋም። ከአራት ሰዓት በላይ ሠርቶ በእጄ ጀርባ ስነካው ይሞቃል እንጂ አይፋጅም፤ አሮጌው አሥር ቁጥር አያስቆጥርም ነበር። ላዩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ተብሎ ተጽፏል፤ ማታ ማታ የሰፈሩ መብራት ሲደክምም ችሎታል። መብራት ሲሄድ ግን ከማከፋፈያው እነቅለዋለሁ፤ ሲመለስ በምን ጉልበት እንደሚመጣ ማን ያውቃል።

ቅሬታም አለኝ። ገመዱ አጭር ስለሆነ ማከፋፈያውን ቴሌቪዥኑ ጀርባ መስቀል ግድ ሆነብኝ። ሰማያዊ መብራቱ ጨለማ ውስጥ ዓይን ይወጋል፤ እናቴ ፕላስተር ለጥፋበታለች። ሪሲቨሩ ተነቅሎ እሱ ብቻ ሲሰካ ደግሞ ቀጭን የጢንዚዛ ድምፅ ያሰማል። ለ600 ብር እችለዋለሁ።

አሮጌውን ጥገና ቤት ወስጄ አስከፈትኩት። ራሴ ያልከፈትኩት ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ በመግቢያው በኩል ያለው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚይዘው ክፍል) ወደ 300 ቮልት ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ነው። በመውጫው በኩል ያለው ትንሹ ካፓሲተር አናቱ ተነፍቶ ነበር። ተቀየረለት፣ አሁን ባለ 1 አምፒሩን የኢንተርኔት ራውተር ያሠራል። ሪሲቨሩ ላይ መልሼ ግን አልሰካውም።