አርቲስት ሆነው ንግዱን ለሚማሩ፦ የቱ የኦንላይን ትምህርት ይሻላል?

በገንዘቤ የገዛሁት የመጀመሪያው ኮርስ ስለ ውሃ ቀለም ነበር። ጥሩ ኮርስ ነው፤ እስከ መጨረሻው ተከታተልኩት፣ እጄም ተፍታታ። ግን የተቸገርኩት በእጄ አልነበረም። ደንበኛ “ስንት ነው?” ሲለኝ የምመልሰው ይጠፋኝ ነበር። ስለዚህ ኮርስ ከማወዳደራችሁ በፊት የቸገራችሁን ነገር ለዩ። ዋጋ ማውጣት ነው? ገዢ ማግኘት? ውልና የቅጂ መብት? ወይስ የጀመሩትን መጨረስ? ምርጫው የሚወሰነው በዚህ ነው።

አንዴ መግዛት ወይስ በአባልነት መክፈል?

ዩደሚ (Udemy) በሚባለው የኮርስ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ኮርሱን አንዴ ትገዛላችሁ፤ ከዚያ በፈለጋችሁ ጊዜ እየተመለሳችሁ ታዩታላችሁ። ስኪልሼር (Skillshare) በሚባለው ሌላ የኮርስ ድረ ገጽ ላይ ግን የምትከፍሉት ለአባልነት ነው። እየከፈላችሁ እስካላችሁ ሁሉም ክፍት ነው፣ ስታቆሙ ይዘጋል። ልዩነቱ ቀላል ይመስላል፤ ለንግድ ትምህርት ግን ከባድ ነው። ስለ ውል ዛሬ የተማራችሁት የሚያስፈልጋችሁ ምናልባት ከስድስት ወር በኋላ፣ የመጀመሪያው ትልቅ ደንበኛ ሲመጣ ነው። ያኔ አባልነቱ ተቋርጦ ከሆነ እጃችሁ ላይ ያለው የጻፋችሁት ማስታወሻ ብቻ ነው።

ዩደሚ ላይ ሙሉ ዋጋ አትክፈሉ። ቅናሽ ቶሎ ቶሎ ይመላለሳል፤ ጥቂት ቀን ብትታገሡ ያው ኮርስ በብዙ ቀንሶ ይመጣል። አብዛኛው ኮርስ ካልተስማማችሁ በ30 ቀን ውስጥ ገንዘባችሁን ማስመለስ ትችላላችሁ፤ አብዛኛውን ክፍል አይታችሁ ከሆነ ግን ሊከለክሏችሁ ይችላሉ። ድክመቱ ማንም ሰው አስተማሪ ሆኖ መግባት መቻሉ ነው። ስለዚህ ኮርሱ ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰው መቼ እንደሆነ እዩ። በነጻ የተከፈቱትን ክፍሎች ተመልከቱ። አስተያየት ስታነቡ ባለ 5 ኮከቦቹን እለፏቸውና ባለ 3ቶቹን አንብቡ። 3 ኮከብ የሰጠ ሰው ምን ጥሩ እንደነበረም ምን እንደጎደለም ይነግራችኋል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ዩደሚ ላይ አስተማሪው በራሱ ኩፖን ሲሸጥ ከገቢው 97 በመቶው ለእሱ ነው። ገዢውን ያመጣው ዩደሚ ከሆነ ግን የሚደርሰው 37 በመቶ ነው። የምትወዱት አርቲስት የሚያስተምር ከሆነ ሊንኩን ከራሱ ገጽ ፈልጋችሁ ግዙለት። እኛም ነገ በዚያ ቦታ ልንሆን እንችላለን።

ስኪልሼር ላይ ትምህርቶቹ አጠር ያሉ ናቸው፣ በአብዛኛው ሠርታችሁ የምታሳዩት ፕሮጀክትም አላቸው። አንድ ወር ሙሉ ቁጭ ብሎ ለመማር ጊዜ ያለው ሰው ከዚህ የበለጠ አያገኝም። “ሲመቸኝ አየዋለሁ” የሚል ሰው ግን ገንዘቡ በየወሩ ዝም ብሎ ይፈስሳል። ነጻው ሙከራ ሲያልቅ ክፍያው በራሱ ይጀምራል፤ በተመዘገባችሁበት ደቂቃ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ሙሉ።

ሌሎቹስ?

ዶሜስቲካ በ2002 ስፔን ውስጥ የፈጠራ ሰዎች መገናኛ ሆኖ ነው የተጀመረው። ቀረጻው ያምራል፣ ብዙዎቹ ኮርሶች በስፓኒሽ ሆነው የትርጉም ጽሑፍ አላቸው። ከንግዱ ይልቅ ወደ እጅ ሙያው ያደላል። ማስተርክላስ የታዋቂ ሰዎች መድረክ ነው፤ ያነሳሳል፣ ደረሰኝ እንዴት እንደሚጻፍ ግን አያስተምርም። ኮርሴራ የዩኒቨርሲቲና የተቋማት ነው። ካልአርትስ የተባለው የአሜሪካ የጥበብ ትምህርት ቤት የግራፊክ ዲዛይን ትምህርት ይሰጥበታል፤ ስለ ማርኬቲንግና ሒሳብ አያያዝም ጠንካራ ኮርሶች አሉት። መክፈል ለማይችል ሰው የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ አለው። ለሰርተፊኬቱ ብቻ ብላችሁ ግን አትግቡ። ሥዕል የሚገዛ ሰው ፖርትፎሊዮ (የሥራዎቻችሁን ስብስብ) ነው የሚያየው።

የዋጋ አወጣጥ ኮርስን እንዴት እንፈትነው?

እዚህ ላይ ረጋ ልበል፤ ብዙ አርቲስት የሚወድቀው እዚህ ነው። በሳምንት 40 ሰዓት ትሠራላችሁ እንበል። 15ቱ ሰዓት ለኢሜይል፣ ለዕቃ ግዢ፣ ለፎቶ ማንሳትና ለማሸግ ይሄዳል። ደንበኛ የሚከፍልበት ሥራ የምትሠሩት 25 ሰዓት ብቻ ነው። ዋጋችሁ ግን የ40ውን ሰዓት ኑሮ መሸፈን አለበት። ይህን ስሌት የማያሳይ ኮርስ ዋጋ ማውጣት አላስተማረም። ጋለሪዎች ከሽያጩ ብዙ ጊዜ ግማሽ ያህሉን እንደሚወስዱ፣ ቀብድ መቼ እንደሚጠየቅ፣ ሥዕሉን መሸጥና ሥዕሉን የማባዛት መብት መሸጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ መናገርም አለበት። የኮርሱን ዝርዝር ርዕስ ከፍታችሁ እነዚህን ፈልጉ። በቦታቸው “በራስህ ተማመን” የሚል ብቻ ከሞላ እለፉት።

በነጻ ያለውን ሳታዩ አትክፈሉ

የቅጂ መብት መሠረቱን ለመማር ምንም መክፈል አያስፈልግም። የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት በኦንላይን የሚሰጠው ጠቅላላ መግቢያ ኮርስ ነጻ ነው። የእጅ ሥራ መሸጫ የሆነው ድረ ገጽ ኤትሲም (Etsy) ለሻጮቹ ያዘጋጀው መመሪያ ለማንም ክፍት ነው፤ የዕቃ ፎቶ አነሳስና የዋጋ ጉዳይ በደንብ ተጽፎበታል። ዩቲዩብ ለአንድ ቁርጥ ያለ ጥያቄ አቻ አይገኝለትም፤ ቅደም ተከተሉን የሚያወጣላችሁ ግን የለም። ከምን ወደ ምን እንደምትሄዱ አስቀድማችሁ ካልጻፋችሁ ከቪዲዮ ወደ ቪዲዮ ስትዘሉ ይመሻል።

የቀጥታ ቡድን ትምህርት

ከሁሉም ውዱ ይህ ነው፤ በጥቂት ሰዎች ሆኖ፣ በተወሰነ ቀን እየተገናኙ፣ አስተማሪው ሥራችሁን አይቶ አስተያየት የሚሰጥበት። የጀመረውን መጨረስ ለሚከብደው ሰው ከቪዲዮ ኮርስ በእጅጉ ይሻላል፤ የሚጠብቃችሁ ሰው ሲኖር ትሠራላችሁ። አሁን ገቢ ያላችሁና አንድ ቦታ ላይ የቆማችሁ ከሆነ ያዋጣል። ገና አንድም ሥራ ላልሸጠ ሰው ግን ቀደም ይላል ባይ ነኝ።

እኔ በአንዱ ተቃጥያለሁ። “ምዝገባው ዛሬ ማታ ይዘጋል” ሲሉኝ ሳልጠይቅ ከፈልኩ። ለሦስት ወር በተባለው ትምህርት ዋናው አስተማሪ የታየው አንድ ቀን ነው፤ የቀረውን ረዳቶች ሸፈኑት፣ ሥራዬንም ማንም አላየልኝም። አሁን ከመክፈሌ በፊት አራት ነገር በኢሜይል እጠይቃለሁ። ሥራዬን የሚያየው ማን ነው? ስንት ጊዜ? በቡድኑ ስንት ሰው አለ? አስተማሪው የሚኖረው ጥበቡን በመሸጥ ነው ወይስ ኮርስ በመሸጥ? ሁለተኛው ነውር የለበትም፤ ግን ያኔ የምማረው ኮርስ መሸጥን ነው። መልሱ በጽሑፍ ካልደረሰኝ አልመዘገብም።