ለእማዬ ጊዜ ለሰጧት የብሩክሊን ሙዚየም አስጎብኚ

ኒውዮርክና አካባቢዋ ላላችሁ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ለማመስገንም ለመጠቆምም ነው።

እማዬ ልትጠይቀኝ ከአዲስ አበባ መጥታ ሳለ አንድ ቅዳሜ ብሩክሊን ሙዚየም ወሰድኳት። ሙዚየሙ 200ኛ ዓመቱን ምክንያት አድርጎ ስለ ወርቅ ብቻ ትልቅ ዐውደ ርእይ ከፍቶ ነበር። «ሶሊድ ጎልድ» ይባል ነበር፤ ድፍን ወርቅ እንደ ማለት ነው። ከጥንታዊት ግብፅ ጀምሮ እስከ ዛሬ ዘመን የዲዮርና የኢቭ ሳን ሎራን ቀሚሶች ድረስ ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰብስቦ ነበር።

ስወስዳት ልቤ ፈርቶ ነበር። ከዚህ በፊት ሌላ ከተማ አንድ ሙዚየም ሄደን፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሳስተረጉምላት አስጎብኚው ሰው ትረብሻላችሁ ብሎ ዝም አሰኝቶናል። እማዬ ያን ቀን ምንም አልተናገረችም። ከዚያ ወዲህ ግን ሙዚየም እንሂድ ባልኳት ቁጥር መልሷ «አንቺ ሂጂ፣ እኔ ቤት ልሁን» ነበር።

እዚህ ገና ከመግባታችን አንድ የጥበቃ ሠራተኛ እማዬ ጉልበቷን ይዛ ስትራመድ አይቶ፣ ሳንጠይቀው ተሽከርካሪ ወንበር አመጣልን። እግዜር ይስጠው። ዋናው ምስጋናዬ ግን ላስጎበኙን ሴት ነው። ስማቸውን ሳላስፈቅድ እዚህ መጻፍ አልፈለግሁም። ማስተርጎም እንዳለብኝ ስነግራቸው እማዬን ከፊት አስቀመጡና አንድ ነገር ተናግረው ዝም ይላሉ፤ እኔ እስክጨርስ ይጠብቃሉ፤ ዓይናቸውም እሷ ላይ ነው እንጂ እኔ ላይ አልነበረም።

ከጣሊያን የመጡት የድሮ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ጋ ስንደርስ እማዬ እመቤታችንን አይታ ከነወንበሯ ጎንበስ ብላ ተሳለመች። አስጎብኚዋ አላቋረጧትም። ቀና ስትል ወርቁ እንዴት እንደተለበጠ ነገሩን። እንጨቱ በነጭ ልስን ይለሰናል፣ በላዩ ቀይ ጭቃ ይቀባል፣ ከዚያ ትንፋሽ የሚያበረው ስስ የወርቅ ቅጠል ይለጠፍና በለስላሳ ድንጋይ እስኪያበራ ይታሻል። የቀዩ ጭቃ ሥራ ወርቁን ሞቅ ያለ መልክ እንዲኖረው ማድረግ ነው። 1 ግራም ወርቅ ተቀጥቅጦ 1 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል ሲሉ እማዬ ደግሜ እንድነግራት ጠየቀችኝ።

ልብሶቹ ጋ የሆነውን ግን መቼም አልረሳውም። እማዬ እኔን ያሳደገችው የሙሽራ ካባ እየጠለፈች ነው። አስጎብኚዋ የድሮው የወርቅ ክር ውስጡ ሐር እንደሆነ፣ በዙሪያው ስስ የወርቅ ቅብ ጥብጣብ እንደሚጠመጠምበት እያስረዱ ነበር። ጨርቁን እየወጋ ቢያልፍ ይላጣል ከማለታቸው፣ ገና ሳላስተረጉም እማዬ ጣቷን አንስታ በአየር ላይ መጥለፍ ጀመረች። «አይወጋም፤ አስተኝተሽ በቀጭን ክር ከላይ ታስሪዋለሽ» አለች። ሴትዮዋ ቃሉን ባይሰሙም እጇን አይተው ገባቸው። ጉብኝቱን ገታ አድርገው ስንት ዓመት እንደሠራች፣ ምን ዓይነት ጨርቅ ላይ እንደምትጠልፍ ጠየቋት። አብረውን የነበሩት ሰዎችም ዞረው ያዳምጧት ነበር። እማዬ ባለሙያ ተብላ ስትጠየቅ በሕይወቴ የመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ቀጥሎ ስለ ጥንታውያን የአሜሪካ ወርቅ ሠሪዎች አወሩልን። አንጥረኛው መጀመሪያ ጌጡን በሰም ይቀርጻል፤ ሰሙን በሸክላ ይለብጠዋል፤ እሳት ሲነካው ሰሙ ቀልጦ ይፈስሳል፤ ሰሙ በነበረበት ባዶ ቦታ የቀለጠው ወርቅ ይገባል፤ በመጨረሻ ሸክላው ይሰበራል። እማዬ ከወንበሯ ቀና ብላ «ሰምና ወርቅ!» አለች። እኔ እስከዚያች ደቂቃ ሰምና ወርቅን የማውቀው በቅኔ ብቻ ነበር። አንጥረኛው ሰሙን አቅልጦ ወርቁን እንደሚያገኝ፣ ቅኔ ሰሚውም የላይኛውን ትርጉም አልፎ የተሸሸገውን እንደሚያወጣ አስረዳኋቸው። ቃሉን ደጋግመው ካስጠሩኝ በኋላ በማስታወሻቸው ጻፉት።

ዐውደ ርእዩ ጁላይ 6, 2025 አብቅቷል። ሙዚየሙ ግን ከረቡዕ እስከ እሑድ ክፍት ነው፤ በ2 ወይም በ3 ቁጥር ባቡር ብትሄዱ ስሙ በሙዚየሙ የተሰየመ ፌርማታ አለ፣ እሱ ላይ ውረዱ። እናት አባታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ስትገቡ የሚያስጎበኝ ሰው መኖሩን ጠይቁ፤ እንደምታስተረጉሙም አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ትንሽ ማስታወሻ ከእጃቸው የማይለይ ሴት ካጋጠሟችሁ፣ ባለ ካባዋ እናት ሰላም ብላዎታለች በሉልኝ።